ጌም ላይ የሚሳደብ ሰው ብር ይቀጣ?

በኢንተርኔት የተካሄደውን ይህን ውይይት የከፈተው አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው። ቅዳሜ ማታ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም ሊጫወት ገባ። ስኳዱ (ቲሙ) አራት ሰው ስለሚይዝ ጌሙ አንድ የማያውቁት ሰው ጨመረላቸው። ሰውየው ማይኩን እንደከፈተ ስድብ ጀመረ። መጀመሪያ ችሎታቸውን፣ ቀጥሎ እናቶቻቸውን፣ ከዚያ ብሔራቸውን። በመጨረሻ ሜዳው ላይ አሥር ሰው ብቻ ሲቀር በገዛ ቲሙ እግር ሥር ቦምብ ጥሎ ወጣ። የወጣቱ ስልክ ስፒከር ላይ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው የ10 ዓመት ወንድሙ አንድም ቃል አላመለጠውም።

ሪፖርት አደረጉት። ወጣቱን ያናደደው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው ቢታገድ እንኳ ነገ በሌላ አካውንት ይመለሳል፤ ታዲያ ቅጣቱ ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ ብር ይቀጣ ባይ ነው። የመጀመሪያው ጥፋት በማስጠንቀቂያ ይለፍ፣ ሁለተኛው 5 ዶላር፣ ሦስተኛው 20 ዶላር ይሁን። ገንዘቡም ለተሰደበው ይሰጥ። ያልከፈለ አይጫወትም። የትራፊክ ቅጣት ሹፌርን አደብ ካስገዛ ይሄም ተጫዋችን ያስገዛል ይላል።

41 ምላሽ መጣ። ሁሉንም ሁለቴ አነበብኩ፤ 22ኛው የእኔ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው እኔም ስኳድ ውስጥ ስለገባ ነገሩ ከልቤ ነው የሚያሳስበኝ። ፍሬ ያለውን ሰፋ አድርጌ፣ ሌላውን አለፍ አለፍ እያልኩ ልንገራችሁ።

ምላሽ 1 ሙሉ በሙሉ ተስማማ፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ምላሽ 2 ደግሞ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ አስታወሰ። ጌም ተጫውተው የሚኖሩ ሰዎች በገንዘብ መቀጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በኦቨርዋች ጌም ሊግ የዳላስ ፊውል ቲም አንድ ተጫዋች ሌላውን ተጫዋች በመስደቡ 2,000 ዶላር ተቀጥቶ አራት ግጥሚያ ታግዷል። በ2014 በሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ጌም የዓለም ሻምፒዮና ላይም የኤስኬ ጌሚንግ ቲም አንድ ተጫዋች በመረጠው ዘረኛ ስም ምክንያት የ2,500 ዶላር ቅጣት ተጥሏል። ምላሽ 3 የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤን ጨመረ፤ አንድ ቴክኒካል ፋውል (በሥነ ምግባር ጉድለት የሚሰጥ ጥፋት) ከ2,000 ዶላር ጀምሮ ያስከፍላል። ባለሙያው ከተቀጣ ተራው ተጫዋች ለምን ይቀራል ነው ክርክራቸው።

ምላሽ 4 በጨዋ ቋንቋ አረማቸው። ባለሙያው ደመወዝ አለው፤ የሚቆረጥበትም ከደመወዙ ነው። እኛ ግን ከፋዮች ነን፣ ማንም አይከፍለንም። ደግሞም ያው የዳላስ ተጫዋች ሁለት ወር ሳይሞላው በድጋሚ ተቀጥቷል፤ ሁለተኛው 4,000 ዶላር ነበር። ኤንቢኤም ቢሆን በብር ብቻ አይዘልቅም። ቴክኒካል ፋውሉ በአንድ የውድድር ዘመን 16 ሲደርስ ተጫዋቹ አንድ ጨዋታ ይታገዳል። እኔ ይህን ምላሽ ወድጄዋለሁ። የ2 እና የ3 ጸሐፊዎች ያመጡትን ማስረጃ ሳይጥል መልሶ በእነሱው ላይ አዞረው።

ምላሽ 5 ሃዋሳ ውስጥ ጌም ቤት ያለው ሰው ነው። እንደማንኛውም ጌም ቤት እሱም ጋ ተሸናፊ ይከፍላል። ልጆቹ ሲሸነፉ መሰዳደብ ያበዙበት ነበር። አንድ ሰሞን የቡና ቆርቆሮ ክዳኑን ቀዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የተሳደበ 10 ብር ይከታል። የመጀመሪያው ሳምንት ጸጥ አለ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ገንዘብ ያለው ልጅ መጣ። 50 ብር አውጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተና አምስት ስድብ አለኝ አለ። ከዚያም አንድ በአንድ እየቆጠረ ተሳደበ። ተሰዳቢው ልጅ ምንም አልመለሰም፤ 10 ብር አልነበረውማ። ባለቤቱ ቆርቆሮውን በዚያው ቀን አነሳው። አሁን ሕጉ ሌላ ነው። የተሳደበ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል፣ ወረፋው መጨረሻ ይሄዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከዚህ በላይ ማንም ምንም መናገር አላስፈለገውም።

ያ ዝም ያለው ልጅ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ስለ ገንዘብ ቅጣት ሊባል የሚገባው ዋናው ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

ከፋቹ በምላሽ 6 ላይ 10 ብር ስላነሰ ነው እንጂ 500 ቢሆን ልጁ አይቆጥርም ነበር አለ። ምላሽ 7 ከሃይፋ መጣ፤ እስራኤል ያደገች ኢትዮጵያዊት ነች። ይሄ እኛ ከተማ ተጠንቷል ብላ ጀመረች። ኡሪ ግኒዚ እና አልዶ ሩስቲኪኒ የሚባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሰዎች ሃይፋ ውስጥ 10 የሕፃናት ማቆያዎችን ይዘው ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ያረፍዳሉ፤ ሞግዚቶቹ ይቸገራሉ። በስድስቱ ማቆያዎች ከአሥር ደቂቃ በላይ ያረፈደ 10 ሼቅል ይክፈል ተባለ። አርፋጁ ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ እጥፍ ገደማ ጨመረ። ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል።

እሷ ምክንያቱን በአንድ የእኛ ቃል ነው የገለጸችው፤ ይሉኝታ። በፊት ያረፈደ ወላጅ ሞግዚቷ የልጁን ኮት አልብሳ በር ላይ ቆማ ሲያያት ያፍር ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ሐፍረቱ ቀረ። ከፍሏላ! ቅጣቱ የጥፋት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የአገልግሎት ዋጋ ሆነ። ዋጋው ሲነሳ ደግሞ ይሉኝታው አብሮ አልተመለሰም። የሃዋሳውን ቆርቆሮና የሃይፋውን 10 ሼቅል ጎን ለጎን አድርጋ ስታሳይ፣ ልጁ የቆጠረው ስድብ እኮ የተገዛ ስድብ ነው ማለቷ ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ መጥበቅ ጀመረ። ምላሽ 8፣ ከሪያድ፣ ጥናቱን አጣጣለው። 10 ሼቅል ምን ያደርጋል፣ 200 ቢያደርጉት ሁሉም በሰዓቱ ይመጣ ነበር አለ። እውነት አለው፤ ትንሽ ቅጣትና የሚያም ቅጣት አንድ አይደሉም። ግን ምላሽ 9 ወዲያው ለማን ነው የሚያመው ብሎ ጠየቀ። ስሌቱንም አቀረበ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 5 ዶላር ወደ 285 ብር ማለት ነው። ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ስድቡ ያው ስድብ ነው፣ የደሴው ልጅ ቅጣት ግን ከ500 ብር በላይ ሆነ። ዱባይ ላለው ልጅ ደግሞ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ምላሽ 10 በየአገሩ ኑሮ ይተመን ሲል፣ ምላሽ 11 ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የርካሹ አገር ነዋሪ ይሆናል አለ። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ሆኗል፤ ሰዎች ጌም በርካሽ ለመግዛት አገራቸውን ቱርክ ወይም አርጀንቲና እያሉ ሲያስመዘግቡ ኖረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የሁለቱ አገሮች ዋጋ በዶላር ሆነ።

ምላሽ 12 በንዴት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ጨዋታ ጥለህ ወጣህ ተብሎ ሦስት ጊዜ ታግዷል። ሦስቴም መብራት ሄዶ ነው። ለጌሙ ግን መብራት የሄደበትም፣ ተናዶ የወጣውም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከመስመር ጠፍተዋል። ያን ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቆ ገባ። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ለጨለማው ጭምር ይከፍል ነበር። ምላሽ 13 አልፎ ተርፎ ከፋቹን ቤትህ ጄኔሬተር አለ ወይ ብሎ ወረፈው። ያ አላስፈለገም። ከፋቹ በምላሽ 14 ሳይቆጣ መለሰ፤ መውጣት ይቅር፣ ስድብ ብቻ ይቀጣ አለ።

ስድብስ ማን ይለያል? ምላሽ 15 እዚህ ላይ ቆመ። አማርኛ ስድብ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ቁጥር ይደባለቅበታል፣ ግማሹ በድምፅ ነው። ሁለት አብሮ አደጎች እየተሳሳቁ የሚባባሉት ቃል ለማያውቀው ሰው ከተሰነዘረ ደም ያፋስሳል። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሌላ። ይህን ማሽን እንዲፈርድ ሰጥቶ ከሰው ኪስ ብር ማውጣት ከባድ ነው። ምላሽ 16 ደግሞ ገንዘቡ ለተሰደበው ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ አነሳ። ስድብ ገቢ ካመጣ ሰው ሆን ብሎ ይነካካል፤ ቲሙን ያበሽቃል፣ ስድቡን ይቀዳል፣ ካሳውን ይቀበላል። ሦስት ጓደኛሞችም ተመካክረው አራተኛውን ሪፖርት ቢያደርጉ ብሩን ይካፈሉታል። ይህ ለእኔ የመጀመሪያውን ሐሳብ ያፈረሰው ነጥብ ነው።

ከ17 እስከ 19 ወሬው ወደ ፒንግ (የኔት መዘግየት) ሄደ፤ የቱ ኔት ይሻላል፣ የትኛው ስልክ አይግልም። አንዱ ዩሲ (የፐብጂ ገንዘብ) በቴሌብር እሸጣለሁ ብሎ ለጠፈና ተነሳበት።

ምላሽ 20 ውይይቱን መለሰው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አባት ናቸው፤ ጌም አይጫወቱም፣ ልጃቸው አሳይቷቸው ነው የጻፉት። እሳቸው ያነሱት ዕድርን ነው። አዲስ አበባ ሳሉ በሰፈራቸው ዕድር ቀብር የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣ ነበር። ብሩ ትንሽ ነው። አንድ ባለ ሱቅ ጎረቤታቸው ሁሌ እየቀረ ሁሌ ይከፍላል። ሰብሳቢው አንድ ቀን ብሩን አልቀበልም አሉት። ቅጣቱን ከፍለህ ጎረቤትህን አትቀብርም፤ ወይ ትመጣለህ ወይ ስምህ ይሰረዛል። ሰውየው ከዚያ በኋላ አካፋ ይዞ ከፊት መገኘት ጀመረ።

አባቱ አንድ ነገር አክለዋል። የዕድር ቅጣት ሲከፈል እንኳ የሚገባው የሁሉም በሆነው ሣጥን ነው። ዳኞቹን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ በጉባኤ ቆመህ ትከራከራለህ። የጌም ድርጅት ዕድር አይደለም። ሕግ አውጪውም፣ ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ብሩን ተቀባዩም እሱ ይሆናል። ከፋቹ በምላሽ 21 እርስዎ ያሉትን አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ አባቴ ብሎ ጻፈላቸው።

ምላሽ 22 የእኔ ነው። የሊግ ኦፍ ሌጀንድስን ታሪክ አነሳሁ። የጌሙ ሠሪ ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2011 ትሪቡናል የሚባል ሥርዓት ከፍቶ ተጫዋቾች ራሳቸው የተከሰሰውን ሰው ቻት አንብበው እንዲፈርዱ አድርጎ ነበር። ድርጅቱ በዚያን ሰሞን ሲያጣራ፣ ሁልጊዜ የሚሳደቡት ከተጫዋቾቹ 1 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከስድቡ ሁሉ የእነሱ ድርሻ ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው የመጣው በሌላው ቀን ጨዋ ከሆነ፣ ያን ቀን ግን ከከፋው ሰው ነው። ይህ ለገንዘብ ቅጣት ትልቅ ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ የምትቀጣው ያን ክፉ ሰው ሳይሆን ክፉ ቀን የገጠመውን ነው። ሌላም አለ። ከተቃራኒ ቲም ጋር የሚያገናኘውን ቻት ከመጀመሪያው ዝግ አድርገው፣ የፈለገ ራሱ ይክፈት ሲሉ መጥፎው ንግግር ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሰው ቻቱን መጠቀም አልተወም። ማንም አንድ ሳንቲም አልከፈለም።

ምላሽ 23 አረመኝ። ትሪቡናልን እንደ ገነት አታውራው፣ ፍርዱ ዘገምተኛ ነበር፣ በ2014 ተዘግቷል አለኝ። ልክ ነው። ተቀብያለሁ።

24ኛው የገንዘብ ቅጣት አሁንም አለ ባይ ነው። ካውንተር ስትራይክ በሚባለው ጌም ላይ በማጭበርበር የታገደ ሰው ስኪኖቹ (የመሣሪያ ማስዋቢያዎቹ) ይቆለፉበታል፤ መሸጥም መለወጥም አይችልም። በሺህ ዶላር የሚገመት ስኪን ያለው ሰው አለ። 25ኛው ሁለት ልዩነት አሳየው። ያ ለማጭበርበር እንጂ ለስድብ አይደለም። ደግሞ ዕቃው ይቆለፋል እንጂ ወደ ድርጅቱ ኪስ አይገባም። ከቅጣቱ የሚያተርፍ የለም። 26ኛው ስለ ኢቭ ኦንላይን ጌም ነው፤ እዚያ ሌላውን ያጠቃ ሰው የወደቀበትን ነጥብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በጌሙ ገንዘብ መልሶ መግዛት ይችላል። ዘራፊዎቹ እንደ ሥራ ወጪ ነው የሚያዩት።

ምላሽ 27 ቨርጂኒያ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ነች። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2022 ከፎርትናይት ጌም ሠሪ ከኤፒክ ጌምስ ጋር የደረሰበትን የ520 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አነሳች። ከዚያ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ፎርትናይት ላይ ሳይፈልጉ ለከፈሉ ሰዎች የሚመለስ ነው። ኮሚሽኑ ካቀረበው ክስ አንዱ፣ ያልፈቀድኩት ክፍያ ነው ብለው በካርዳቸው በኩል ያመለከቱ ሰዎች አካውንታቸው ተቆልፎባቸዋል የሚል ነው። እሷ ራሷም በሌላ ጌም ተነክታለች፤ የ11 ዓመት ልጇ አንድ ማታ በእሷ ካርድ 60 ዶላር አውጥቶ፣ ለማስመለስ ሳምንታት ፈጅቶባታል። ታዲያ ለዚህ እጅ ነው ወይ ልጄን የመቅጣት ሥልጣን የምትሰጡት ብላ ጠየቀች። ድርጅቶቹ ካርዳችንን ሲይዙ ምን እንደሚያደርጉ ከእሷ በላይ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠ የለም።

ምላሽ 28 መጀመሪያ ልጅሽን አሳድጊ አላት። ስለ ስድብ በሚደረግ ውይይት ውስጥ! 29 ላይ ከፋቹ ራሱ ተነሳላት፤ ሐሳቧ የእሱን ሐሳብ የሚያፈርስ ቢሆንም እህታችንን ይቅርታ ጠይቅ አለው። አልጠየቀም። በምላሽ 30 አወያዩ ለሁለት ቀን እንዳይጽፍ አገደው።

ምላሽ 31 ሕግ ያጠና ሰው ነው። ተዋዋዮች ውል ላፈረሰ ወገን መቀጫ ቀድመው መወሰን ይችላሉ፤ ግን 18 ዓመት ያልሞላው አካለ መጠን ያላደረሰ ስለሆነ የገባበት ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ከጌም ተጫዋቹ ብዙው ልጅ ነው፣ ስለዚህ የሚከፍለው ወላጅ ነው። 32ኛው ደቡብ ኮሪያን አመጣ፤ እዚያ የጌም ማጭበርበሪያ ፕሮግራም የሠራና ያሰራጨ ሰው በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። ያ ግን በመንግሥት ሕግ፣ በፍርድ ቤት ነው።

33ኛው ጥሩ ሐሳብ ይዞ መጣ። የሰፈር የክረምት ውድድር ላይ ቲሞች ሲመዘገቡ ማስያዣ ይከፍላሉ። የተደባደበ ወይም ሳይመጣ የቀረ ያጣዋል፤ ሌላው ሲያልቅ ይመለስለታል። ራንክ (ደረጃ የሚያስገኘውን ግጥሚያ) መጫወት የሚፈልግ እንዲሁ ያሲዝ አለ። 34ኛው ያኔ ድሃው ከበር ይመለሳል ብሎ ተቃወመ። 35ኛው ብሩን በስልክ ቁጥር ተካው። ኦቨርዋች 2 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሲወጣ ስልክ ቁጥር ጠይቆ ነበር። ብዙዎች ተቆጥተው ለነባር ተጫዋቾች ቢላላም፣ የታገደ ሰው በአምስት ደቂቃ አዲስ አካውንት እንዳይከፍት ያደርጋል። እኛ አገር ሲም በመታወቂያ ነው የሚወጣው። ለከፋቹ ጥያቄ፣ ነገ በሌላ አካውንት ይመለሳል ላለው፣ ቀጥተኛው መልስ ይሄ ይመስለኛል። 36ኛው ግን ያላሰብኩትን ነገረን። እነሱ ቤት ሦስት እህትማማችና ወንድማማች የሚጫወቱት በእናታቸው አንድ ስልክ ነው። ወንድምየው ቢሳደብ እህቶቹም ይታገዳሉ።

37 እና 38 ስለ ስልክ ዋጋ ናቸው፤ እለፏቸው።

ምላሽ 39 ከፋቹ ነው። የብሩን ሐሳብ ትቼዋለሁ አለ። እንደ ሃዋሳው ጌም ቤት ጊዜው ይወሰድበት፤ ወረፋው መጨረሻ ይሂድ፣ ማይኩ ይዘጋ፣ ከሰው ጋር መጫወት ይከልከል። ወንድሙ ስለሰማው ነገር ግን ማንም መልስ እንዳልሰጠው አልሸሸገም። ምላሽ 40 የጌም ቤቱ ባለቤት ነው። ማታ ማታ እሱም ፐብጂ ይገባል። አራተኛ ሰው ከጎደላችሁ እኔ አለሁ፣ ማይኬም ንጹሕ ነው ብሎ መለያ ቁጥሩን በውስጥ ላከለት።

በመጨረሻው ምላሽ ከፋቹ ከጌሙ መልእክት እንደደረሰው ነገረን። ሪፖርት ባደረጋችሁት ተጫዋች ላይ እርምጃ ተወስዷል ይላል፤ ሌላ የለውም። ምን እርምጃ እንደሆነ፣ ሰውየው የተናገረው ለራሱ ተጽፎ ይታየው አይታየው አይገልጽም። ራዮት የታገደው ሰው የራሱን ቻት መልሶ እንዲያነብ ማድረግ ሲጀምር ብዙዎች ከጥፋታቸው ታርመው ነበር። ከፋቹም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ያ ሰው የተናገረውን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው። ከዚያ ለሃዋሳው ሰው ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሎቢ እንገናኝ ብሎ ቀጠረው።